ምጣዱን ያሟሸው ተንደርካት፦ የሬድ ሆት ቺሊ ፔፐርስ ምሽት በናሽናልስ ፓርክ

ቀኑ ጳጉሜን 3፣ 2014 ዓ.ም. ነበር፤ የሩፋኤል ዕለት። አገር ቤት ብሆን ኖሮ ከሰዓት በኋላ ዝናቡን እጠብቅ ነበር። ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ግን ከእህቴ ልጅ ጋር በአረንጓዴው የባቡር መስመር ወደ ኔቪ ያርድ ጣቢያ እየሄድን ነበር። በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 8 ቀን 2022 መሆኑ ነው፤ ከዚህ በኋላ የማነሣቸው ዓመቶችም ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው። የእንግሊዟ ንግሥት ኤልሳቤጥ ያረፉበት ቀን ስለነበር ባቡሩ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ዜናውን ከስልኩ ያነብባል። እኛ የምንሄደው ናሽናልስ ፓርክ በሚባለው የቤዝቦል ስታዲየም ሬድ ሆት ቺሊ ፔፐርስ የተባለውን የሎስ አንጀለስ የሮክ ባንድ ለማየት ነው። ከእነርሱ በፊት ሁለት ሌሎች ይጫወታሉ፤ መጀመሪያ ተንደርካት የሚባለው ሙዚቀኛ፣ ቀጥሎ የኒውዮርኩ የሮክ ባንድ ዘ ስትሮክስ። ይህን የምጽፈው በተለይ ስለ ሁለቱ ነው።

እኔ ራሴ መድረክ አሟሟቂ ነበርኩ። አዲስ አበባ በአንድ ሆቴል ውስጥ ስድስት ዓመት ቤዝ ጊታር፣ ያን ወፍራም ድምፅ የሚያወጣውን ጊታር፣ ተጫውቻለሁ። ዋናው ድምፃዊ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት በፊት አይመጣም፤ እኛ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ ያለ ድምፃዊ እንጫወታለን። አስተናጋጁ ወንበር ይጎትታል፣ ሰው ይገባል፣ ምግብ ያዝዛል፣ ጀርባውን ሰጥቶን ያወራል። ድምፃዊው ሲገባ ቤቱ በአንድ ጊዜ ይነሣል። ከዚያ በፊት ሦስት ሰዓት ሙሉ ያፈሰስነውን ላብ የሚያስታውስ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ የማንንም ኮንሰርት ትኬት ስገዛ መጀመሪያ የማነብበው ከዋናው ስም በታች በትንንሽ ፊደል የተጻፈውን ነው።

በአስቀዳሚዎቹ ላይ ሙግት የተጀመረው ኮንሰርቱ ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ ዋሽንግተን አጠገብ ባለችው ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ቡና ላይ ነው። ሦስት ነበርን፤ እኔ፣ እዚህ ተወልዶ ያደገው የእህቴ ልጅ፣ በዚያ ሆቴል አብሮኝ ከበሮ ይመታ የነበረ ጓደኛዬ። ጓደኛዬ የተንደርካትን መመረጥ አልወደደውም። «አንተ፣ እስቲ ንገረኝ፤ አርባ ሺህ ሰው በሚይዝ ሜዳ ላይ የዚህን ሰውዬ ጃዝ ማን ይሰማል? ከቺሊ ፔፐርስ በፊት ደረትን የሚመታ ጊታር ነው የሚያስፈልገው» አለኝ። ሌላም ቅሬታ ነበረው። በዚያው የባንዱ ጉዞ ሎስ አንጀለስ ዘፋኙን ቤክን በአስቀዳሚነት አግኝታለች፣ ቦስተን ዘፋኟን ሴይንት ቪንሰንትን አግኝታለች፤ የእኛ ከተማ የተረፈውን ነው ያገኘችው ይላል። በየከተማው ያሉ አድናቂዎች ሁሉ ይህንኑ ሲሉ ሰምቻለሁ፤ የጎረቤት ድግስ ሁልጊዜ የተሻለ ይመስላል።

የእህቴ ልጅ ደግሞ የሚመጣው ለዘ ስትሮክስ ነው። «ጋሼ፣ እነርሱ እኮ የማንም አሟሟቂ አይደሉም፤ በ2001 የመጀመሪያ አልበማቸው ሲወጣ ሮክን እንደገና ያስነሡት እነርሱ ናቸው» ይለኛል። ከዚያ ወደ ታሪክ ገባ። ዲሴምበር 31 ቀን 1991 ሳን ፍራንሲስኮ አጠገብ ባለው ካው ፓላስ ለአዲስ ዓመት ዋዜማ ሦስት ባንዶች ተጫወቱ። መጀመሪያ ፐርል ጃም፣ ቀጥሎ ኒርቫና፣ መጨረሻ ላይ ቺሊ ፔፐርስ። የኒርቫናና የቺሊ ፔፐርስ አልበሞች የወጡት በአንድ ቀን ነበር፤ ሴፕቴምበር 24 ቀን 1991። ከዋዜማው በኋላ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ የኒርቫናው አልበም በአሜሪካ የሽያጭ ሰንጠረዥ ላይ አንደኛ ሆነ። «ያን ሌሊት ዘግይቶ የገባ ሰው ምን እንዳመለጠው አስበው፣ ጋሼ» አለኝ። ስለዚያ ሌሊት ሳስብ እስከ ዛሬ ልቤ ይመታል።

ጓደኛዬም ባዶ እጁን አልመጣም። በ1981 የእንግሊዙ የሮክ ባንድ ሮሊንግ ስቶንስ በሎስ አንጀለስ ኮሊሲየም ስታዲየም ዘፋኙን ፕሪንስን አስቀድመው አጫውተውት ነበር። ሕዝቡ ጮኸበት፣ ያገኘውን ሁሉ ወረወረበት፤ ፕሪንስም መድረኩን ትቶ ወረደ። «ትልቅ ሙዚቀኛ መሆን ብቻውን አይበቃም፤ ሰዎቹ ማንን ሊያዩ እንደመጡ ማወቅ ያስፈልጋል» አለ። እኔም ጊታር ተጫዋቹን ጂሚ ሄንድሪክስን ጨመርኩለት። በ1967 ክረምት ዘ መንኪስ የሚባሉ የወጣት ልጃገረዶች ተወዳጆችን ቀድሞ እየተጫወተ ጥቂት መድረክ ከሠራ በኋላ ጉዞውን አቋርጧል። ነገር ግን እነዚያው ሮሊንግ ስቶንስ በ1972 ያስቀደሙት የሶል ዘፋኙን ስቲቪ ዎንደርን ነበር፤ ያ ጉዞ ለስቲቪ አዲስ አድማጭ ያመጣ ጉዞ ሆነ። ስለዚህ በሮክ መድረክ ላይ ሌላ ዓይነት ሙዚቃ ማስቀደም በራሱ ስሕተት ነው የሚለውን አልቀበልም። ሄንድሪክስን የጎዳው የሰዎቹ ጆሮ ለእርሱ የሚሆን ምንም መነሻ ያልነበረው መሆኑ ነው።

እኛ መድረክ ማሟሟቅ እንላለን። እኔ ማሟሸት ቢባል እመርጣለሁ። አዲስ ምጣድ ከገበያ ሲመጣ እናቴ በጎመን ዘር እያሸች ታሟሸው ነበር። ሳይሟሽ እሳት ብቻ ቢነድበት ምጣዱ ይግላል፤ እንጀራው ግን ይጣበቃል። ጓደኛዬ የሚፈልገው ደረት የሚመታ ባንድ እሳት ነው። አርባ ሺህ ሰው ማስጮህ ይችላል፤ ዋናው ባንድ ሲወጣ ግን ጆሮው ያንኑ ጆሮ ሆኖ ይጠብቀዋል።

ወደ ምሽቱ ልመለስ። ትኬቱ ለአንድ ሰው 140 ዶላር ደርሶብኛል። የገዛሁበት ድረ ገጽ መጀመሪያ ያሳየኝ ዋጋ ሌላ ነበር፤ መክፈያው ገጽ ላይ ስደርስ የአገልግሎት ክፍያ ተብሎ ተጨመረበት። ይህ ያናድዳል፤ ሙሉው ዋጋ ከመጀመሪያው መታየት አለበት። ወንበራችን ሁለተኛው ፎቅ ላይ፣ ከመድረኩ ትይዩ ነበር። ሁሉም ነገር በግልጽ ይታያል።

ተንደርካት የወጣው ፀሐይ ሳትጠልቅ ነው። ከወንበሩ ግማሽ በላይ ባዶ ነበር፤ ጓደኛዬም ገና አልደረሰም። መድረኩ ላይ ሦስት ሰዎች ብቻ፤ ከበሮ፣ ኪቦርድ፣ በእጁ ባለ ስድስት ክር ቤዝ የያዘው እርሱ። የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ከበዱኝ። ማንኛውም ክፍት ስታዲየም ሰው ሳይሞላው እንዲህ ነው፤ ድምፁ ከባዶ ወንበርና ከኮንክሪት ተመልሶ ይመጣና ፈጣን ኖታዎች አንዱ በሌላው ላይ ይነባበራሉ። ሰው ሲሞላ ልብሱና ገላው ድምፁን ይመጥጠዋል፣ ነገሩም ይጠራል። መጀመሪያ የሚወጣ ሙዚቀኛ ሁልጊዜ ዕዳው ይህ ነው፤ ከሁሉም የከፋውን ድምፅ የሚያገኘው እርሱ ነው።

ጆሮዬ ሲለምደው ግን ከወንበሬ ተነሣሁ። ይህ ሰው ቤዙን እንደ ቤዝም፣ እንደ ጊታርም፣ እንደ ክራርም ይጫወተዋል። የቀኝ እጁ ጣቶች ክሩን ሲዳስሱ የሚወጣው ፍጥነት የሚገርም ሆኖ፣ በላዩ ላይ በቀጭን ድምፁ ሲዘምር እንደሚያንጎራጉር ሰው ዘና ያለ ነው። እኔ ስጫወት እጄ የሚሠራውን ላለመርሳት ከንፈሬን እነክስ ነበር። ለሙያው ሰው ይህን ማየት ብቻውን የትኬቱን ዋጋ ያወጣል።

ሮክ አይደለም ለሚሉት አንድ ነገር ልንገራቸው። ተንደርካት ለብዙ ዓመታት የሱሳይዳል ቴንደንሲስ ቤዝ ተጫዋች ነበር፤ ያ ባንድ ደግሞ ከሎስ አንጀለስ ፓንክና ሜታል የወጣ፣ ጓደኛዬ የሚፈልገው ዓይነት ደረት መቺ ነው። በ2015 በወጣው የራፐሩ ኬንድሪክ ላማር አልበም ላይም የእርሱ ቤዝ አለ። በ2021 ግራሚ ተሸልሟል። የቺሊ ፔፐርሱ ቤዝ ተጫዋች ፍሊም ሎስ አንጀለስ ያደገ፣ በልጅነቱ ጥሩምባ እየነፋ ጃዝ የተማረ፣ የእንጀራ አባቱ የጃዝ ቤዝ ተጫዋች የነበረ ሰው ነው። ሁለቱ የአንድ ከተማ ሙዚቃ ልጆች ናቸው። ተንደርካትን ያስቀደመው ሰው ይህን ዝምድና አውቆ ያደረገው ነው ብዬ አምናለሁ።

ቀጥሎ ዘ ስትሮክስ ወጡ። ጓደኛዬ ደረሰ፣ ወንበሩ ሞላ፣ መሸ። የእህቴ ልጅ ከመጀመሪያው ዘፈን እስከ መጨረሻው አልተቀመጠም። የሁለቱ ጊታሮች አጨዋወት እንደ ሽመና ነው፤ አንዱ ድር፣ አንዱ ማግ። የድምፃዊያቸው የጁሊያን ካዛብላንካስ ድምፅ ደግሞ ከአሮጌ ራዲዮ እንደሚመጣ ሆኖ፣ ሳይጮህ ከሁሉም በላይ ይሰማል። ለእነርሱ ያለኝ አክብሮት ጨምሯል። ይሁን እንጂ በዚህ ቦታ ላይ የተሻሉ ምርጫ ነበሩ ብዬ ለመናገር እቸገራለሁ። የራሳቸው ምጣድ ያላቸው፣ የራሳቸውን እንጀራ የሚጋግሩ ሰዎች ናቸው። ሙዚቃቸው ቀጥ ያለ፣ የተለካ፣ ኒውዮርክ ኒውዮርክ የሚል ነው፤ ከቺሊ ፔፐርስ ልቅነት ጋር የሚያገናኘው ድልድይ ጠባብ ነው። ሲጨርሱ አንድ ሙሉ ኮንሰርት እንዳለቀ ተሰማኝ። የእህቴ ልጅ ግን እስከ ዛሬ በዚህ አይስማማም፤ የትኬቱን ገንዘብ የሚያነሣው ከእነርሱ ሂሳብ ነው።

ከዚያ ፍሊ፣ ጊታር ተጫዋቹ ጆን ፍሩሻንቴና ከበሮ መቺው ቻድ ስሚዝ ያለ ድምፃዊ ወጡና ፊት ለፊት እየተያዩ መጫወት ጀመሩ። ፍሩሻንቴ ከረጅም ጊዜ በኋላ ወደ ባንዱ የተመለሰበት ጉዞ ስለነበር ብዙው ሰው የሚያየው የእርሱን ጊታር ነው። በመካከሉ የእህቴ ልጅ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ጋሼ፣ ዛሬ ቤዙ ለብቻው ይሰማኛል» አለኝ። ይህን ባንድ ከአሥራ ሁለት ዓመቱ ጀምሮ ይሰማል። ቤዙ ለብቻው የተሰማው ግን ያን ማታ ነው፤ ከሁለት ሰዓት በፊት አንድ ሰው በግማሽ ባዶ ስታዲየም ውስጥ ጆሮውን አሟሽቶለት ስለነበር። ጓደኛዬን ዘወር ብዬ አየሁት። እርሱ ተንደርካትን አልሰማም፤ የሚያየው ፍሩሻንቴን ነበር።

አንድ የሚቆጨኝ ነገር አለ። በ2010 ፍሊና ያኔ የባንዱ ጊታር ተጫዋች የነበረው ጆሽ ክሊንግሆፈር ከእንግሊዛዊው ሙዚቀኛ ዴመን አልባርን የአፍሪካ ኤክስፕረስ የሙዚቃ ቡድን ጋር ኢትዮጵያ ሄደው ነበር። በ2011 በወጣው አልበማቸው ላይ «ኢትዮጵያ» የሚል ዘፈን አለ፤ ከዚያ ጉዞ የተወለደ ነው። እንግዲህ ይህ ባንድ ከኢትዮጵያ ውጭ እጅግ ብዙ ኢትዮጵያዊ ከሚኖርባቸው ከተሞች አንዷ ወደሆነችው ወደ ዋሽንግተን በጳጉሜን፣ ዘመን ሊለወጥ ሦስት ቀን ሲቀረው ይመጣል። በዚህችው ከተማ ዙሪያ ደግሞ ኃይሉ መርጊያ ይኖራል። በ1981 ከዋልያስ ባንድ ጋር ለጉዞ መጥቶ እዚሁ የቀረ፣ ለብዙ ዓመታት ታክሲ እየነዳ ኪቦርዱን በመኪናው የኋላ ሣጥን ይዞ ደንበኛ ሲጠብቅ ይለማመድ የነበረ፣ በ2018 እንደገና አዲስ አልበም ያወጣ ሰው። ለእርሱ ሠላሳ ደቂቃ ቢሰጠው፣ ከሦስት ሰዎች ጋር አንድ ትዝታ፣ አንድ አንቺሆዬ ቢጫወት፣ ለዚያ ስታዲየም ከዚህ የሚበልጥ ማሟሻ አይገኝም ነበር። ይህን ለጓደኛዬ ስነግረው «ማን ያውቀዋል?» አለኝ። የዋልያስን ሙዚቃ ሆቴሉ ውስጥ ስድስት ዓመት አብረን ተጫውተናል!

እንግዲህ ለሚሄድ ሰው የምመክረው፦ በሩ ሲከፈት ግቡ። ትኬቱ ላይ የተጻፈው ሰዓት ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያው ሙዚቀኛ የሚወጣበት ነው፤ ለዋናው ባንድ ብላችሁ ሁለት ሰዓት ዘግይታችሁ ብትመጡ የከፈላችሁበትን ሲሶ አልሰማችሁም። ለተንደርካት ከአምስት አምስት እሰጣለሁ። ለዘ ስትሮክስ ለሙዚቃቸው አራት፣ ለቦታው ሦስት። ለቺሊ ፔፐርስ አራት ተኩል።

ይህን ግምገማ ጽፌ ሳልጨርሰው ቆይቶ ነበር። ባንዱ ለ2024 ጉዞው የመረጣቸው አስቀዳሚዎች ይፋ ሲሆኑ የእህቴ ልጅ ዝርዝሩን በስልክ ላከልኝ። ከራፐሮቹ ከአይስ ኩብና ከኪድ ከዲ ስሞች ጋር ሼውን ኩቲ እና ኢጂፕት 80 ተጽፏል፤ የናይጄሪያው ሙዚቀኛ የፌላ ኩቲ ልጅ፣ ከአባቱ ባንድ ጋር፣ ከሌጎስ። ከሥሩ «ጋሼ፣ ኃይሉ መርጊያ ያልከኝን አስታወስኩ» ብሎ ጽፎልኛል። ያኔውኑ ለከበሮ መቺው ጓደኛዬ አስተላለፍኩለት። እርሱም ደወለልኝና ቅዳሜ ሲልቨር ስፕሪንግ ቡና ላይ እንድንገናኝ ቀጠሮ ያዝን።