ደወላችሁ ከተሰነጠቀ ወደ በያጅ ከመውሰዳችሁ በፊት እኚህን አባት ጠይቁ

ሰላም ለእናንተ ይሁን፣ የባሕር ዳርና የጣና ዳር ወገኖቼ። በደብራችሁ የተሰነጠቀ፣ ድምፁ የሞተ፣ ወይም «ከእንግዲህ አይሆንም» ተብሎ ዕቃ ቤት የተጣለ ደወል ካለ ይህን ጽሑፍ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። ይረዝማል፤ ግን ያየነው መከራ ሌላ ደብር እንዲደርስበት አልፈልግም። ደግሞም ደወላችንን ያዳኑልንን የኔታን በአደባባይ ሳላመሰግን ብቀር እግዜርም አይወደው።

የኛ ደብር ከዘጌ ወዲህ፣ ከሐይቁ ዳር ነው። መረዋው በአያቶቻችን ዘመን የተሰቀለ ሲሆን፣ ሌሊት ለማኅሌት፣ ማለዳ ለኪዳን፣ ከዚያ ለቅዳሴ ይደወላል። ሰው ሲያርፍ ቀስ ተብሎ፣ እሳት ሲነሳ ደግሞ በጥድፊያ ይመታል፤ አገሬው ልዩነቱን ከአልጋው ሳይወርድ ያውቀዋል። ታንኳ የሚቀዝፉት ዓሣ አጥማጆች እንኳ «ኪዳን ገባ፣ መረቡን እናውጣ» የሚሉት በሱ ነበር። ደዋዩ አባቴ ነው። ከጎልማሳነቱ ጀምሮ ያንን ገመድ ሲስብ ነው የማውቀው። ዝናብ ይሁን ውርጭ፣ ታሞም ቢሆን፣ አንድ ቀን «ዛሬስ ይቅርብኝ» ሲል አልሰማሁም።

አንድ ማለዳ ደወሉ ድምፁ ተለወጠ፤ የነቃ ገንቦ ሆነ። ከንፈሩ ላይ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ተገኘች። ከዚያ በኋላ የመጣው ሁሉ መራራ ነው። መጀመሪያ ጣት የተቀሰረው አባቴ ላይ ነበር። «ሽማግሌው እጁ ከበደ፣ አለቅጥ እየመታ ሰበረው» ተባለ። ፊት ለፊት የተናገረው ጥቂት ነው፤ ከኋላ ያወራው ግን ብዙ ነበር። አባቴ መልስ አልሰጠም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ግን ደጀ ሰላሙ አጠገብ መቀመጡን ትቶ፣ ቅዳሴ ሲያልቅ በጓሮ በር መውጣት ጀመረ።

ለማሠራት ብለን ያልዞርንበት የለም። አንዱ በያጅ «የግማሽ ቀን ሥራ ነው» ብሎ ወሰደው። ሲመልሰው ስንጥቁ ተደፍኗል፤ ከጎኑ ግን ሌላ ስንጥቅ ወጥቶበታል። ብንጠይቀው «ዕቃው አሮጌ ስለሆነ ነው» ብሎ ሂሳቡን ሙሉ ተቀበለን። ሌላው ቀብድ ከወሰደ በኋላ ስልኩን ዘጋ፤ የቤተ ክርስቲያን ገንዘብ፣ ሴቶቹ በሙዳየ ምጽዋት ሳንቲም ሳንቲም ያጠራቀሙት ነበር። የሚያንገበግበኝ ግን ሦስተኛው ነው። ዓይቶት እንኳ ሳይጨርስ «ለቆራሌው ሽጡትና ሞንታርቦ ግዙ፣ ዘመኑ የድምፅ ማጉያ ነው» አለን። ከኛም መካከል የተስማሙ ነበሩ። የማንንም ስም አልጠራም። እነሱም ያውቁታል፣ እግዜርም ያውቀዋል።

በመጨረሻ አንድ ዲያቆን «ስለ ደወል ከሆነ የኔታን ያልጠየቃችሁት ምነው?» አለን። እኛም የኔታ ብለን ነው የምንጠራቸው። ስሜ እንዳይጻፍ ብለው ስለለመኑኝ አልጽፈውም። የዜማ መምህር ናቸው፤ ግን ዕድሜያቸውን የሰጡት ለደወል ነው። ከልጅነታቸው ጀምሮ በታንኳም በጀልባም ከደሴት ደሴት እየዞሩ የእያንዳንዱን ገዳም ደወል ከፍታውን፣ የአፉን ስፋት፣ የተጻፈበት ካለም ጽሑፉን፣ ማን እንደሰጠውም ጭምር በደብተር ይመዘግባሉ። ይህ ነገር የያዛቸው በልጅነታቸው ደቅ ደሴት፣ እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ባሠሯት ናርጋ ሥላሴ ሆነው የሌሊቱን ደወል ሲሰሙ እንደሆነ ነግረውናል። አሁን ድምፁንም በስልክ ይቀርጻሉ። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት አይገባባቸውም፤ እኔም ዕድሜዬን ከሩቅ ተሳልሜ የምመለስ ነኝ። የኔታ ይህን ሲሰሙ ስልካቸውን አውጥተው የሁለቱንም ደወል ድምፅ አሰሙኝ። ያኔ ያለቀስኩትን አልረሳውም።

ወደ ሥራቸው ልመለስ። የመጡ ዕለት እኛ የጠበቅነው የመሣሪያ ሻንጣ ነበር። የያዙት ግን ከወይራ የተጠረበች ትንሽ መዶሻና አንድ ቁራጭ ከሰል ብቻ። ደወሉን ከመሬት በገመድ አንጠልጥለን ያዝንላቸው። ጆሯቸውን አስጠግተው ከንፈሩን ዙሪያውን፣ ስንዝር በስንዝር፣ ቀስ እያሉ መቱት። ሲመቱ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ድምፁ በተበላሸበት ቦታ ሁሉ በከሰል ያሰምራሉ። ሲጨርሱ ያየነው ነገር አስደነገጠን፤ ስንጥቁ በዓይን ከሚታየው አልፎ ወደ ላይ ሄዷል። ከዚያ በያጁ የደፈነውን ቦታ በጣታቸው ዳብሰው ራሳቸውን ነቀነቁ። ስለ በያጁ ግን አንድ ክፉ ቃል አልወጣቸውም።

ቀጥሎ የደወሉን ምላስ፣ ማለትም ውስጡ ተንጠልጥሎ የሚመታውን ብረት፣ አስፈትተው በእጃቸው መዘኑት። «ይህ የጥንቱ አይደለም፤ ማን ቀየረው?» አሉ። አስታወስን። ከዓመታት በፊት የድሮው ምላስ አልቆ ሲወድቅ ጋራዥ የተሠራ ወፍራም ብረት ነበር የገጠምንለት። ይህን እንደሰሙ የኔታ «ደዋዩ የት አሉ?» ብለው ጠየቁ። አባቴ ከዋርካው ሥር፣ ከሰው ርቆ ቆሞ ነበር። በእጃቸው ጠርተው አጠገባቸው አቆሙትና፣ የሰበካ ጉባኤው ሰዎችና ሽማግሌዎቹ ሁሉ እየሰሙ እንዲህ አሉ፦ «ይህን ደወል የሰበረው የሰው እጅ አይደለም። ምላሱ ከአቅሙ በላይ ከብዶበታል። ለብዙ ዘመንም አንድ ቦታ ብቻ ተመቷል። እኚህ ሰው ቀስ ብለው ባይደውሉት ኖሮ ድሮ ለሁለት ይከፈል ነበር።»

አባቴ ዝም ብሎ መሬት መሬት አየ። ሲያሙት ከነበሩት አንዱ መጥቶ ጉልበቱን ሳመው። እኔ የየኔታ ውለታ አለብኝ የምለው በዚህ ነው። ደወሉ ባይሠራ እንኳ ይበቃኝ ነበር።

ግን ሠሩት። እንዴት እንደሠሩት ብትጠይቁኝ መልስ የለኝም። ስንጥቁ እንዳይሄድ ጫፉ ላይ ያደረጉት ነገር አለ፤ ሌላውን እሳቸው ያውቁታል። የገባኝን ልንገራችሁ። ደወል ነሐስ ነው፤ ከአምስት እጅ አራቱ ያህል መዳብ፣ የቀረው ቲን። ቲኑ ነው ድምፅ የሚሰጠው፤ የሚያሰባብረውም እሱ ነው። ስለዚህ አንድ ቦታ ላይ ብቻ በብየዳ ሲግል ሌላ ቦታ ይነቃል። ሞስኮ ያለው 200 ቶን ገደማ የሚመዝን ደወል እ.ኤ.አ. በ1737 በቃጠሎ ግሎ ሳለ ውሃ ፈሶበት ተሰንጥቆ፣ አንድ ቀን እንኳ ሳይደወል ቀርቷል አሉን። የለንደኑ ቢግ ቤን ግን እንደኛው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1859 መደወል በጀመረ በጥቂት ወራት ውስጥ በከባድ መዶሻ ምክንያት ተሰነጠቀ። ለዓመታት ዝም ካለ በኋላ ደወሉን አዙረው ያልተጎዳው ጎኑ እንዲመታ አደረጉ፤ መዶሻውንም በቀላል ቀየሩት። ይኸው ስንጥቁን እንደያዘ ዛሬም ይደውላል። የኛንም የኔታ እንደዚያው አዙረው ሰቀሉት፤ ቀለል ያለ ምላስም አስገጠሙለት። ድምፁ የዱሮው ነው ብዬ አልዋሽም፣ ትንሽ ወፍሯል። መንጫጫቱ ግን ጠፍቷል፤ ከሐይቁ ማዶም ይሰማል። የመጀመሪያውን ገመድ ያስያዙት አባቴን ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። የኔታ ሊሄዱ ሲሉ ከአጥሩ ሥር፣ ልጆች የሚቀመጡበት ረጅም ጠፍጣፋ ድንጋይ ዓይናቸው ውስጥ ገባ። ጎንበስ ብለው በጠጠር መታ ቢያደርጉት እንደ ብረት ጮኸ! የድንጋይ ደወል ነበር። ብረት እንደ ልብ በማይገኝበት ዘመን አባቶቻችን በእንደዚህ ዓይነት ድንጋይ ነበር ሕዝቡን የሚጠሩት፤ በጣና ገዳማትም እስከ ዛሬ ተሰቅሎ የሚገኝበት አለ። ሁሉም ድንጋይ አይጮህም፤ መርጠው፣ ፈልገው ነው ያመጡት። እኛ ግን ልብስ ስናሰጣበት ኖረናል። በጠፍር አሰሩልንና ደጀ ሰላሙ አጠገብ ተሰቀለ። አሁን ለበዓለ ንግሥ ሁለቱም ይደወላሉ።

ስለ ክፍያ ለምትጠይቁ፦ ለድካማቸው ምንም አልተቀበሉም። የጀልባና የምላሱን ብረት ዋጋ ብቻ ነው የከፈልነው። ለምነን ለምነን የዘጌ ቡና አስያዝናቸው። እናንተ ግን እባካችሁ አታስቸግሯቸው፤ ዕድሜያቸው ገፍቷልና የሚደግፋቸው ሰው መድቡ፣ የጀልባውንም ወጪ አስቀድማችሁ ሸፍኑ። በማዕበል ቀን አትጥሯቸው። እምቦጭ የሸፈነው ዳርቻ ከሆነም አስቀድማችሁ ንገሯቸው።

በድጋሚ እለምናችኋለሁ፣ የተሰነጠቀ ደወል አትበይዱ፤ ለቆራሌውም አትሽጡ። እስኪታይ ድረስ መምታቱን አቁሙ። ምላስ ለመቀየር ካሰባችሁም መጀመሪያ ጠይቁ። ደብተራቸው ውስጥ ያልተመዘገበ ደወል ካላችሁ፣ ደህናም ቢሆን፣ ፎቶና ድምፅ ብትልኩላቸው ደስታቸው ነው። ስልካቸውን እዚህ አልለጥፍም፤ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ የደብራችሁን ስምና ከባሕር ዳር በየት በኩል እንደሚደረስ ጨምሩበት። የኔታ፣ ይህን የሚያነብልዎት ሰው ካለ፣ እግዜር ይስጥልን፤ ዕድሜና ጤና ይስጥዎት። አባቴም እጅ ነስቷል።