አዮኒክ 5 ኤንን ከዓመት በላይ በኮሎራዶ ዳገት ስነዳው

ፍጥነቱ ይለመዳል። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ስለ ኤሌክትሪኩ ሂዩንዳይ አዮኒክ 5 ኤን የሚጠይቀኝ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያነሳው ፍጥነቱን ስለሆነ ነው። እውነት ነው፣ መኪናው ያስደነግጣል። ሁለት ሞተር አለው፤ አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ። በደህናው ጊዜ 601 የፈረስ ጉልበት ይሰጣል። መሪው ላይ ያለችውን ቀይ ቁልፍ ስትጫን ደግሞ ለ10 ሰከንድ ወደ 641 ይወጣል። ከቆመበት ተነስቶ በሰዓት 60 ማይል፣ ማለትም 97 ኪሎ ሜትር ገደማ ለመድረስ ሦስት ሰከንድ ተኩል አይፈጅበትም። ይህን የሚያደርገው እንግዲህ አምስት ሰው ከነሻንጣው የሚጭን የቤተሰብ መኪና ነው።

መጀመሪያ ሰሞን በየመብራቱ ልብ ይሰቅላል። ከዚያ ሰውነት ይለምደዋል። እኔ የምኖረው ዴንቨር አጠገብ ባለችው ኦሮራ ነው። ከሥራ መውጫ ሰዓት ላይ ሃቫና ጎዳና መኪና በመኪና ነው፤ እዚያ 641 ፈረስ ምንም አይሠራልህም። ስለዚህ ይህን ያህል ገንዘብ የሚያወጣ ሰው ከፍጥነቱ ሌላ ምን እንደሚያገኝና ምን እንደሚከፍል ማወቅ አለበት። የእኔ የ2024 ሞዴል ነው። በበጋም በበረዶም ነድቼዋለሁ።

ከምወደው ልጀምር። ዴንቨር ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር ላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ቱርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር እዚህ ከ15 በመቶ በላይ ጉልበቱን ያጣል። በአይ-70 አውራ ጎዳና ወደ ተራራው ስትወጣ ይብስበታል። የአይዘንሃወር መሿለኪያ 3,401 ሜትር ላይ ነው፤ እንጦጦን ይበልጣል። የድሮ መኪናዬ እዚያ ዳገት ላይ ማርሽ እየቀነሰች፣ ሞተሯ እየጮኸ፣ በቀኝ በኩል ከከባድ መኪናዎች ጋር ትሳብ ነበር። የኤሌክትሪክ ሞተር ግን አየር አይፈልግም። ታች የነበረው ጉልበት ላይም አለ። ይህ ነገር በተራራ አገር ለሚኖር ሰው ቀላል አይደለም። በ2018 እዚሁ ኮሎራዶ ውስጥ፣ ጫፉ 4,302 ሜትር በሆነው ፓይክስ ፒክ ላይ የተደረገውን የዳገት ውድድር አስታውሱ። ሮሜን ዱማ በኤሌክትሪኩ ፎልክስዋገን አይ.ዲ. አር በ7 ደቂቃ ከ57 ሰከንድ ወጥቶ የቤንዚን መኪናዎችን ክብረ ወሰን ሁሉ ሰበረ። ስሱ አየር የቤንዚን ሞተሮችን ሲያዳክም የእሱን አልነካውም።

ዳገቱ ግን በነጻ አይወጣም። መኪናው ብቻውን ወደ 2,200 ኪሎ ይመዝናል። ቤተሰብ ሲሳፈርበት 2,500 በለው። ያንን ክብደት ከዴንቨር እስከ መሿለኪያው ድረስ ወደ ላይ ለማንሳት ብቻ 12 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይሄዳል። የነፋሱና የጎማው ድካም ገና አልተቆጠረም። ባትሪው በሙሉ 84 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ስለዚህ የባትሪው መቶኛ ወደ ላይ ስትወጣ በፍጥነት ሲወርድ አትደናገጥ። ስትመለስ ቁልቁለቱ ላይ ሞተሮቹ ጄኔሬተር ይሆኑና ከዚያ ውስጥ የተወሰነውን መልሰው ባትሪው ውስጥ ይከቱታል። ከተራራው ወርደህ ከተማ ስትገባ፣ መቶኛው ስትወጣ የወረደውን ያህል አይወርድም።

ፍሬኑ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ። ለእኔ የመኪናው ትልቁ ነገር እሱ ነው። ሞተሮቹ ብቻቸውን እስከ 0.6 ጂ ድረስ መኪናውን ይይዛሉ። ይህ ማለት ደረቅ አስፋልት ላይ ፍሬን በሙሉ ኃይል ሲረገጥ ከሚገኘው ከግማሽ በላይ ነው። የፊቱ ዲስክ 400 ሚሊሜትር ነው፤ ትልቅ ነው፤ ግን በየቀኑ ኑሮ ብዙም ሥራ የለውም። ከአይ-70 ቁልቁለት ስትወርድ የተቃጠለ ፍሬን የሚሸተው ከሌሎች መኪናዎች ነው። ፔዳሉ ደግሞ ሞተሩ የት ለቆ ዲስኩ የት እንደተቀበለ አያስታውቅም። ብዙ የኤሌክትሪክ መኪናዎች ቀጥታ መንገድ ላይ ይበራሉ፤ ኩርባ ፊት ለፊት ሲመጣ ግን ክብደታቸው ይታወቅባቸዋል፣ ነጂውም ይፈራል። ይሄኛው አያስፈራም። ከጎልደን በላይ ባለው የሉካውት ተራራ ጠመዝማዛ ላይ፣ ከሁለት ቶን በላይ የሆነ መኪና እንደምነዳ የማስታውሰው ጎማው ሲጮህ ብቻ ነው።

ሌላው አስመሳዩ ማርሽ ነው። መኪናው እውነተኛ ካምቢዮ የለውም። አንድ ቁልፍ ስትጫን ግን ባለ ስምንት ማርሽ የቤንዚን መኪና እንደሆነ ያስመስላል። ድምፅ ያወጣል፤ ማርሽ ስትቀይር ደንገጥ ያደርጋል፤ በጊዜው ካልቀየርክ ጉልበቱ ይቆማል። ብዙ ሰው የልጅ መጫወቻ ነው ይላል። እኔ ግን የሚሠራው ሥራ አለ ባይ ነኝ። ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ዓይንህ መንገዱን ነው ማየት ያለበት። በቤንዚን መኪና የሞተሩ ድምፅ ፍጥነትህን ይነግርሃል። ዝም ባለ መኪና ውስጥ ግን 40 ማይልም 60 ማይልም ለጆሮ አንድ ናቸው። ወደ ኩርባ ከልክ በላይ ፈጥነህ የምትገባው ለዚህ ነው። በሦስተኛ ማርሽ ድምፁ እዚህ ሲደርስ ፍጥነቴ ስንት እንደሆነ አሁን በጆሮዬ አውቃለሁ። ዳሽቦርድ ማየት አያስፈልገኝም። ከተማ ውስጥ ግን አጠፋዋለሁ፤ እዚያ ጸጥታው ይሻላል።

አሁን ወደ ክፍያው። ተራው ባለ አንድ ሞተር አዮኒክ 5፣ በ2024ቱ ሞዴል፣ 77.4 ኪሎዋት ሰዓት በሆነ አነስተኛ ባትሪ 303 ማይል ይሄዳል ተብሎ ተመዝግቧል። የእኔው በትልቁ ባትሪ የተመዘገበለት 221 ማይል ነው፤ 356 ኪሎ ሜትር ገደማ። ሰፊው ጎማ፣ ክብደቱና ሁለቱ ሞተሮች ናቸው የሚበሉት። በሀይዌይ 75 ማይል ስትሄድ ከዚያም ያንሳል። በዊንተር፣ ቅዝቃዜው ሲበረታና ማሞቂያው ሲከፈት፣ በጣም ያንሳል። በጥር ወር ከቤት ስወጣ 221 የሚለውን ቁጥር ረስቼው ነው የምወጣው። ቤት ውስጥ ቻርጀር ካለህ ይህ የከተማ ኑሮህን አይነካም፤ ማታ ትሰካዋለህ፣ ከባዶም ቢሆን ጠዋት ሞልቶ ይጠብቅሃል። አፓርታማ የሚኖርና ቤቱ ቻርጀር የማያስገባ ሰው ግን ይህን መኪና ባይገዛ እመክራለሁ። የምር ነው የምለው።

ረጅም መንገድ ላይ ቻርጅ መሙላቱ ፈጣን ነው። 350 ኪሎዋት የሚሰጥ ጣቢያ ላይ ከ10 እስከ 80 በመቶ በ18 ደቂቃ ይሞላል። ቡና እስክትጠጣ ነው። ነገር ግን ባትሪው መሞቅ አለበት። ጣቢያውን ናቪጌሽኑ ላይ አስገብተህ ከሄድክ መኪናው መንገድ ላይ እያለ ባትሪውን ያሞቀዋል። ያንን ካላደረግክ በብርድ ቀን ያው ጣቢያ እጥፍ ጊዜ ይወስድብሃል። የተበላሸ ጣቢያ ሲያጋጥም ደግሞ ሌላ ችግር ነው። አንድ ምሽት ተራራ ላይ ካሉት መሰኪያዎች የሚሠራው አንድ ብቻ ሆኖ፣ ቤተሰቤን ይዤ በብርድ ተሰልፌያለሁ። 300 ማይል የሚሄድ መኪና ቢሆን ኖሮ ያንን ጣቢያ አልፌው በሄድኩ ነበር። ርቀት ማለት ምርጫ ማለት ነው፤ ለጉልበቱ የምትከፍለው ይህን ምርጫ ነው።

ጎማ ሁለተኛው ክፍያ ነው። 275/35፣ 21 ኢንች ነው፤ ወርዱ 275 ሚሊሜትር፣ የጎኑ ከፍታ የዚያ 35 በመቶ ማለት ነው። አንዱ ብቻ ብዙ መቶ ዶላር ያወጣል። ክብደቱና ጉልበቱ ተባብረው ይበሉታል፤ ድሮ በማላስበው ፍጥነት አለቀ። የበጋ ጎማ ስለሆነ ለበረዶ አይሆንም፤ ስለዚህ 20 ኢንች ቸርኬ ከነበረዶ ጎማው ለብቻ ገዛሁ። ኢንሹራንሱም ከፍ ይላል። ከመግዛትህ በፊት ደውለህ ጠይቅ።

አነዳዱ ደረቅ ነው። ጉድጓድ ውስጥ ስትገባ ወገብህ ይሰማዋል። እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ በነበረ ጊዜ ከኋላ ተቀምጣ «አንተ ልጅ፣ ቀስ በል እንጂ!» ትለኝ ነበር። እኔ ደግሞ ቀስ ብዬ ነበር የምነዳው። ፔዳሉን ስትለቅ መኪናው በሞተሩ ሲይዝ ከኋላ ለተቀመጠ ሰው ያቅለሸልሻል። የሞተሩን መያዝ ዝቅ ሳደርገውና የሾክ አብዞርበሩን ቅንብር ወደ ለስላሳው ስቀይረው ተሻላት። ሰው ሲሳፈር አሁን ይህን ሳላስተካክል አልነሳም።

በ2024 መጀመሪያ ኢትዮጵያ በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪናዎች እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ፣ አዲስ አበባ ያለው ወንድሜ ደጋግሞ ይጠይቀኛል፤ ይህንን መኪና ከዚህ ብልክለት ይሆናል ወይ? ለከፍታው በጣም ይሆናል፤ አዲስ አበባ ከዴንቨርም ትበልጣለች። የመሰኪያው ነገር ግን አለ። አሜሪካ ለገበያ የቀረበው የእኔ መኪና የሚሰካበትና እዚያ የሚገቡት አብዛኞቹ የቻይና መኪናዎች የሚሰኩበት የተለያየ ነው። 35 ከፍታ ያለው ስስ ጎማ ደግሞ ኮብልስቶንና ጉድጓድ አይችልም፤ ጎሚስታ ቤት ስትመላለስ ትከርማለህ አልኩት። ባለ አንድ ሞተሩን፣ ጎማው ወፍራም የሆነውን ተራ መኪና ያዝ፤ ከመግዛትህ በፊት ግን የግቢህ የመብራት መስመር ቻርጀር ይችል እንደሆነ በባለሙያ አስፈትሽ ብዬዋለሁ።