የቫን ጎግን ክፍል ለማየት፦ ኦቬር ወይስ ሳን ሬሚ?

ፈረንሳይ ሄዶ ሠዓሊው ቫን ጎግ የኖረበትን ክፍል ማየት ለሚፈልግ ሁለት ጥሩ ምርጫ አለ። ጊዜው ለአንዱ ብቻ ከበቃ ግን እኔ ኦቬርን እላለሁ።

ኦቬር ከፓሪስ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ደርሶ መልሱ በአንድ ቀን ያልቃል። ሠዓሊው በ1890 እ.ኤ.አ. የመጨረሻዎቹን 70 ቀናት ያሳለፈው እዚያ፣ በራቩ ቤተሰብ የእንግዳ ማረፊያ ነው። ምግብን ጨምሮ በቀን 3 ፍራንክ ተኩል ይከፍል ነበር። ጣሪያ ሥር ያለችው ክፍሉ 7 ካሬ ሜትር ገደማ ናት። አልጋ የለ፣ ጠረጴዛ የለ፤ ባዶ ግድግዳ ብቻ። «ለባዶ ክፍል ገንዘብ ይከፈላል እንዴ?» የሚል አይጠፋም። እኔን ያሳመነኝ ግን ባዶነቷ ነው። ራሱን ያጠፋው ሠዓሊ የሞተባት ናት ተብሎ ከዚያ ወዲህ አልተከራየችም። ወጣ ሲሉ የሳላት ቤተ ክርስቲያን አለች። ትንሽ አለፍ ብሎ እሱና ወንድሙ ቴዎ ጎን ለጎን ያረፉበት መቃብር ይገኛል።

ሳን ሬሚ ሩቅ ነው፤ ደቡብ ፈረንሳይ። ከ1889 ጀምሮ አንድ ዓመት ያህል የታከመበት የቀድሞ ገዳም እዚያ ነው። «በከዋክብት የደመቀ ሌሊት» የተባለውን ታዋቂ ሥዕል የሳለውም እዚያ ሳለ ነው። ግቢው ያምራል፣ የወይራ ዛፉም። ክፍሉ ግን በኋላ ዕቃ ገብቶበት የተሰናዳ ስለሆነ ትንሽ ቲያትር ቲያትር ይላል።

የኦቬሩ ቤት በብርዱ ወራት ስለሚዘጋ ከመነሳት በፊት ማጣራት ነው።