«ላሚኔሽን ከነፍሬሙ» ሲሏችሁ የልጆቻችሁን ስዕል እንዳትሰጡ

ድሬዎች፣ ትምህርት ሲዘጋ የልጆቻችሁን ስዕል ይዛችሁ ፎቶ ኮፒ ቤት የምትሄዱ ካላችሁ ቆም በሉ። «ላሚኔሽን ከነፍሬሙ፣ በአንድ ዋጋ» የሚባለው ነገር ርካሽ ይመስላል እንጂ ስዕሉን ያበላሻል፤ ፍሬሙም ብዙ ጊዜ የተባለው ልክ አይደለም።

ትልቁ ጣጣ ላሚኔሽኑ ነው። ማሽኑ ፕላስቲኩን የሚያጣብቀው ከ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሞቆ ነው። ክሬየን ደግሞ ሰም ነው፤ ከ50 እስከ 65 ዲግሪ ባለው ሙቀት ይቀልጣል። ልጁ ጫን አድርጎ የቀባው ቦታ በማሽኑ ሮለሮች መሃል ሲያልፍ ቀልጦ ወደ ጎን ይሄዳል፣ ቀዩ ቢጫው ውስጥ ይገባል። ሰሙ የወፈረበት ላይ ሙጫው ስለማይዝ ነጫጭ አረፋ ይቀራል። እርሳስ ሙቀቱን ይችላል፤ ቢሆንም ፕላስቲኩ አንዴ ከያዘ ወረቀቱን ሳትቀዱ አታላቅቁትም። ጥጥ ወይም ምስር የተለጠፈበት ስዕልማ ማሽኑ አጠገብ መድረስ የለበትም።

«እንዳይሸበሸብ» እያሉ ስዕሉን በኮላ ችፑድ ላይ የሚለጥፉም አሉ። ኮላው ውስጥ ያለው ውሃ ወረቀቱን ያሳብጠዋል፤ ሲደርቅ ይሸበሸባል፣ ማርከር ካለበትም ቀለሙ ይፈሳል።

ዝግጁ ፍሬም ስትገዙ፣ ከፊራ ገበያም ሆነ ታይዋን ገበያ፣ ማስመሪያ ይዛችሁ ሂዱ። ኤ4 ማለት 21 በ29.7 ሳንቲ ሜትር ነው። 20 በ25 የሆነውን «ኤ4 ነው» ብለው ይሸጡላችኋል፤ ከዚያ «ትንሽ ልከርክመው» ይመጣል። መጀመሪያ የሚቆረጠው ደግሞ ታች ጥግ ላይ ልጁ የጻፈው ስሙ ነው! ፊቱንም በጥፍር መታ መታ አድርጉት፤ ድምፁ የታፈነ ከሆነ መስታወት ሳይሆን ስስ ፕላስቲክ ነው። ፕላስቲክ በእኛ ሙቀት ይጎብጣል፣ ሲወለወልም ይጫጫራል።

በቤት መሥራት ይሻላል። ለኤ4 ስዕል 30 በ40 የሆነ ባለ 3 ሚሊ መስታወት አስቆርጡ፣ ጠርዙንም ያለስልሱላችሁ። ክብደቱ 900 ግራም ገደማ ነው። ባለ 3 ሳንቲ የእንጨት ፍሬም ለመሥራት 1 ሜትር ከ80 ይበቃል። አናጢው ከጀርባ መስታወቱ የሚቀመጥበትን እርከን 1 ሳንቲ ጥልቀት ይስጠው፤ ልኩንም ከመስታወቱ 2 ሚሊ ያስፋው። ልክክ ካለ እንጨቱ ሲንቀሳቀስ መስታወቱ ይሰነጠቃል።

ከመስታወቱ ኋላ የሚገባው ወፍራም ነጭ ካርቶን መሃሉ 20 በ28.7 ሆኖ ይቆረጣል፤ የስዕሉን ጠርዝ በየጎኑ 5 ሚሊ ይይዛል። ይህ ካርቶን ለማማር ብቻ አይምሰላችሁ። ስዕሉ መስታወቱን ከነካ ክሬየኑ በሙቀት ይጣበቅበታል፣ ሲነሳ ቀለሙ መስታወቱ ላይ ይቀራል።

ስኮች አትጠቀሙ፤ ሙጫው ቢጫ ሆኖ ወደ ወረቀቱ ይሰርጋል። አንድ ማንኪያ የስንዴ ዱቄት በአምስት ማንኪያ ውሃ በጥብጡና በቀስታ እሳት እያማሰላችሁ እስኪወፍር አብስሉት፣ ቀዝቅዞ ይዋል። ሁለት የስስ ወረቀት ቁራጮች፣ 2 በ4 ሳንቲ፣ በዚህ ሙጫ ቀብታችሁ ስዕሉን ከላይ ብቻ ከካርቶኑ ጀርባ ጋር አያይዙ። የታችኛው ጠርዝ ነጻ ይሁን፤ አራቱም ጎን ከታሰረ ወረቀቱ ሲለጠጥ መሸብሸቡ አይቀርም። ከኋላ ንጹህ ነጭ ወረቀት፣ ከዚያ ባለ 3 ሚሊ ኮምፔርሳቶ (ስስ የእንጨት ሰሌዳ) ይግባ። ዙሪያውን በትንንሽ ሚስማሮች ያዙትና ክፍተቱን በወረቀት ቴፕ ዝጉ። ይህን የዘለለ ሰው በጥቂት ወር ውስጥ አቧራውን ከመስታወቱ ውስጥ ያየዋል፤ የድሬ አቧራ መግቢያ አያጣም።

የከሰዓት ፀሐይ የሚመታው ግድግዳ ላይ አትስቀሉ፤ ማርከር ከሁሉ ቀድሞ ይደበዝዛል። ብሎኬት ላይ ሚስማር ብቻ አይታመንም፣ ባለ 6 ሚሊ ፊሸር (ግድግዳው ውስጥ የሚገባ የፕላስቲክ መያዣ) ይግባበት። ለሌላ ስዕል አዲስ ፍሬም ማሠራት አያስፈልጋችሁም፤ ኮምፔርሳቶውን ፈትታችሁ ስዕል መቀያየር ነው።

ላሚኔሽን የግድ ካላችሁ ከለር ኮፒ አስነሱና ኮፒውን አስለጥፉ። ዋናውን ከእጃችሁ አታውጡ፤ ኮፒ ሲነሳም አጠገቡ ቁሙ።