ቤት ለቤት የሚመጡት ማህበራዊ ሰራተኞች፣ ከ5 ኮከብ 5

ለእናቴ ያገኘነው የማህበራዊ ሰራተኛ አገልግሎት በጣም አሪፍ ነው። የምትመጣው ልጅ ፎርም አስሞልታ እብስ የምትል አይደለችም፣ አይኗ ከማያይላት እናቴ ጎን ቁጭ ብላ ጥያቄውን አንድ በአንድ ታነብላታለች፣ መፈረሚያው ጋ ጣቷን ይዛ ታሳያታለች፣ ደሞ መልሱን ከኔ ሳይሆን ከራሷ ነው የምትጠብቀው። ይሄ እኮ ትልቅ ነገር ነው፣ ሌላ ቦታ እሷ ቁጭ ብላ እኔን ነው የሚያናግሩት! ቅሬታዬ አንዷ ሰራተኛ የስንቱን ቤተሰብ ጉዳይ ስለምትይዝ ገና ሳንጠግባት መሄዷ ነው። የሙያው ፈር ቀዳጅ ጄን አዳምስ በ1931 እ.ኤ.አ. የኖቤል የሰላም ሽልማት ወስዳለች፣ ሰፈር ለሰፈር የሚለፉትን ግን ማን ስማቸውን ይጠራል? የምስጋና ሰርተፍኬትም ይሰጣቸው፣ ከሱ ጋር ግን ረዳት ቅጠሩላቸው፣ ትራንስፖርታቸውንም ቻሉላቸው በናታችሁ።