ተራራ ላይ «አልወርድም» ማለትን ላስተማረችን ሴት

ሰላም ለሁላችሁ። ይህን የምጽፈው አንዲት ሴት ለማመስገን ነው። ስሜን አትጥቀስ ስላለችኝ አልጠቅስም። እዚህ ኮሎራዶ ውስጥ የበረዶ ናዳ ደህንነት ኮርስ ታስተምራለች፣ የመጀመሪያ ደረጃውን። በበረዶ ላይ ለመንሸራተት (ለስኪ ወይም ለስኖውቦርድ) ከስኪ ሪዞርት አጥር ውጪ መውጣት የጀመራችሁ ካላችሁ እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። ልጆቻችሁ የሚወጡባችሁ ወላጆችም እንደዚሁ።

እኔ የምኖረው አውሮራ ነው። ስኖውቦርድ የጀመርኩት ከስምንት ዓመት በፊት ሲሆን፣ ለብዙ ጊዜ ከሪዞርት ወጥቼ አላውቅም ነበር። ሪዞርት ውስጥ ጠዋት ሰው ሳይገባ የጥበቃ ሠራተኞች በፈንጂ ናዳውን ራሳቸው ያወርዱታል፤ አደገኛውን ቦታ ይዘጋሉ። እኛ ደርሰን ቦርዳችንን ስናስር ሥራው አልቋል። ከአጥሩ ውጪ ግን ይህን የሚሠራልን ማንም የለም። ባክካንትሪ የሚሉት ይህ ነው። ሰው የሚወደው ጸጥታውንና ያልተረገጠውን በረዶ ነው። እኔም የወደድኩት እሱን ነው።

ኮርሱን እንድወስድ ያደረገኝን ነገር ልንገራችሁ። ከሁለት ዓመት በፊት ታኅሣሥ ላይ አራት ሆነን ወጣን። ሦስታችን አበሾች ነን። ወደ ላይ እየተራመድን ሳለ ከእግራችን ሥር «ውምፍ» የሚል ድምፅ ተሰማ። ትልቅ ፍራሽ ላይ የተወደቀ ይመስላል። መሬቱም ትንሽ ወረድ አለ። አራታችንም ቆምን። ማንም አልተናገረም። ከዚያ ከፊት ያለው ልጅ መራመድ ጀመረ፣ እኛም ተከተልን። ላይ ደርሰን ወረድን። ምንም አልሆንንም። ማታ ሻይ እየጠጣን ስናወራ ነው አራታችንም ፈርተን እንደነበር ያወቅነው። እያንዳንዳችን «እነሱ ካልፈሩ እኔ ምን ብዬ ልመልሳቸው» ብለን ዝም ብለናል። ይሉኝታ ነው። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። በማግስቱ ኮርስ መፈለግ ጀመርኩ።

የተመዘገብነው የአሜሪካ የበረዶ ናዳ ምርምርና ትምህርት ተቋም ባወጣው ሥርዓት የሚሰጠውን የመጀመሪያ ደረጃ ኮርስ ነው። እዚህ ሰው በአጭሩ «ኤሪ አንድ» ይለዋል። ሦስት ቀን፣ በድምሩ 24 ሰዓት ነው። አብዛኛው ጊዜ ያለፈው ውጪ፣ ተራራው ላይ ነበር፣ በርቱድ ፓስ በሚባል የተራራ መተላለፊያ። ቦታው ከዴንቨር በስተምዕራብ በሀይዌይ 40 ላይ ነው። ከፍታው 3,446 ሜትር ነው፤ እንጦጦን ይበልጣል። ቀድሞ የስኪ ሪዞርት ነበር፤ ከተዘጋ ቆይቷል። አሁን ሰው በእግሩ ወጥቶ ነው የሚንሸራተተው።

አስተማሪያችን በአርባዎቹ መጨረሻ ላይ ያለች፣ ድምፅዋ ዝግ ያለ ሴት ናት። ለብዙ ዓመታት ሪዞርት ውስጥ በጥበቃ ሠርታለች። የሰው አስከሬን ከበረዶ ውስጥ አውጥታ ታውቃለች። ይህን የነገረችን አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ዝርዝሩን አልነገረችንም፣ እኛም አልጠየቅናትም።

የመጀመሪያው ቀን ጉድጓድ አስቆፈረችን። በረዶውን እስከ መሬት ድረስ ቆርጠን ግድግዳውን በእጃችን ዳሰስን። ከላይ ለስላሳ ነው። ከዚያ ጠንከር ይላል። ከታች፣ መሬቱ አጠገብ፣ እጄ ሳይያዝ ገባ። ዘግኜ ሳወጣው በጣቶቼ መሀል ፈሰሰ። ልክ ስኳር ነው። እነሱም «የስኳር በረዶ» ነው የሚሉት። እኛ በአማርኛ ከሰማይ የሚወርደውንም፣ ማቀዝቀዣ ውስጥ ያለውንም በረዶ ብለን ጨርሰነዋል። እሷ ግን እያንዳንዱን ንብርብር የወደቀበትን ሳምንት ጭምር እየጠራች አሳየችን።

ምክንያቱን እንዲህ አስረዳችን። ኮሎራዶ ውስጥ በጥቅምትና በኅዳር የሚወርደው በረዶ ስስ ነው። ሌሊቱ ደግሞ በጣም ይበርዳል። መሬቱ ግን ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ይቆያል። ከሥር ሙቀት፣ ከላይ ብርድ ሲሆን በበረዶው ውስጥ ያለው እንፋሎት ወደ ላይ ይጓዛል፤ በጉዞውም የበረዶውን ቅንጣቶች ትላልቅና እርስ በርስ የማይያያዙ ያደርጋቸዋል። ጥር ላይ ከባድ በረዶ ሲመጣ በዚህ ላይ ይቆለላል። ትሪ ላይ ስኳር በትናችሁ ድፎ ዳቦ አስቀምጡበት። ትሪው ለጥ ብሎ እስካለ ዳቦው አይነቃነቅም። አዘንብሉት፣ ከዚያ ጫፉን በጣታችሁ ነካ አድርጉት። ያ ጣት እኛ ነን። ሰው የሚያጠቃው ናዳ በአብዛኛው የሚነሳው በራሱ በተጎጂው ወይም አብሮት ባለ ሰው ክብደት መሆኑን ከእሷ ነው የሰማሁት። እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ ናዳ ከላይ በራሱ ጊዜ የሚመጣ መዓት ይመስለኝ ነበር።

ያ የሰማነው «ውምፍ» ደግሞ ይኸው የስኳር ንብርብር ከእግራችን ሥር ሲደረመስ ያሰማው ድምፅ ነው። ስነግራት ዝም ብላ አዳመጠችኝ። ከዚያ «የቆማችሁበት ቁልቁለት ስንት ዲግሪ ነበር?» አለችኝ። አላውቅም አልኳት። የቁልቁለት መለኪያ ያለበትን ኮምፓሷን አውጥታ እንዴት እንደሚለካ አሳየችኝ። አብዛኛው ናዳ የሚነሳው ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ባለው ቁልቁለት ላይ ነው። ስኖውቦርድ ለመንዳት ደስ የሚለውም እሱ ነው። በዓይን ግምት ደግሞ ሁላችንም ተሳስተናል፤ አንድ ቁልቁለት 28 ያልኩት 35 ሆኖ ተገኘ።

ሁለተኛው ቀን የነፍስ አድን ልምምድ ነበር። ሁሉም ሰው ሦስት ነገር ይይዛል፦ ቢከን፣ ተጣጣፊ ረጅም ዘንግ እና የብረት አካፋ። ቢከን ደረት ላይ የሚታሰር፣ የሬዲዮ ምልክት የሚልክና የሚቀበል መሣሪያ ነው። የማንም ኩባንያ ይሁን ሁሉም በ457 ኪሎኸርዝ ስለሚሠሩ እርስ በርስ ይገናኛሉ። ሰው ሲቀበር የቀሩት መሣሪያቸውን ወደ ፍለጋ ይቀይራሉ፣ ምልክቱን ተከትለው ይጠጋሉ፣ በዘንጉ ይወጋሉ፣ ከዚያ ይቆፍራሉ። የተቀበረ ሰው በ10 ደቂቃ ገደማ ውስጥ ከወጣ የመትረፍ ዕድሉ ከፍ ያለ ነው። ከዚያ በኋላ በፍጥነት ይወርዳል። ሄሊኮፕተር በ10 ደቂቃ አይደርስም። የሚያወጣህ አብሮህ የወጣው ጓደኛህ ብቻ ነው።

ቢከን ያስገባችበትን ቦርሳ በረዶ ውስጥ ቀብራ «ጓደኛችሁ ነው» አለችን። ሰዓት ያዘች። እኔ 14 ደቂቃ ፈጀብኝ። ከቦርሳው በላይ ቆሜ ቀጥታ ወደ ታች እቆፍር ነበር። አልተቆጣችም። አጠገቤ ተንበርክካ አካፋዬን ወደ ቁልቁለቱ በኩል ወሰደችው። ዘንጉ ከነካበት ጥልቀት አንድ ተኩል እጥፍ ያህል ወደ ታች ርቄ ወደ ጎን እንድቆፍር አሳየችኝ። በላዩ ስንቆም የቀረችውን ትንሽ የአየር ቦታ እንደምንደፍንበት ነገረችኝ። ሦስተኛው ቀን ላይ በአምስት ደቂቃ ተኩል አወጣሁት።

በልምምዱ መሀል እኔና ጓደኛዬ በአማርኛ ስንጯጯህ ሰማችን። አቁማን፣ ተቸግረን እንግሊዝኛ መናገር ስንጀምር፣ «አይሆንም፤ ስትደነግጡ በሚወጣችሁ ቋንቋ ተለማመዱ» አለችን። አንድ ሰዓት ሙሉ የአማርኛ ትእዛዛችንን አስተካከልን። «ቁም!»፣ «ወደ ፍለጋ ቀይር!»፣ «ዘንግ!»፣ «ነካሁት!»። እሷ አንዱንም ቃል አታውቅም። ግን እያንዳንዱ ቃል ሲወጣ ሁላችንም አንድ ዓይነት ነገር ማድረጋችንን እያየች ታረጋግጥ ነበር። ለዚህች አንድ ሰዓት ብቻ እንኳን ዕድሜዬን ሙሉ አመሰግናታለሁ።

ከሁሉም በላይ ግን የነካኝ የመጨረሻው ትምህርት ነው። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 20 ቀን 2013 ላቭላንድ ፓስ አካባቢ፣ ሺፕ ክሪክ በሚባል ቦታ፣ ስድስት ሰዎችን ናዳ ያዛቸው። አምስቱ ሞቱ። መሣሪያ ነበራቸው፤ ልምድም ነበራቸው። እሷ ይህን ስታስተምር እነሱን ለመውቀስ አልነበረም፤ በአክብሮት ነው የምትናገረው። ከዚያ ወደ እኛ ዞራ በቡድናችን ውስጥ ማን ዝም እንደሚል ጠየቀችን። እኔ ስለ ይሉኝታ ነገርኳት። የእንግሊዝኛ ቃል አጣሁለት፤ በምሳሌ አስረዳኋት። ሦስት ጊዜ አስደገመችኝና በማስታወሻዋ ላይ ጻፈችው። ከዚያ ሕግ አወጣችልን። ከእያንዳንዱ ቁልቁለት በፊት ሁሉም ሰው ድምፁን አውጥቶ ይናገራል። መጀመሪያ የሚናገረው ልምዱ ትንሽ የሆነው ነው። አንድ ሰው «አልወርድም» ካለ ሁሉም ይመለሳል። ምክንያት አይጠየቅም። ቂም አይያዝም።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ወጣን። ጠዋት የኮሎራዶ የበረዶ ናዳ መረጃ ማዕከልን ትንበያ አነበብን። በአምስቱ የአደጋ ደረጃዎች ሦስተኛው ላይ ነበር። ብዙ ሰው የሚሞተው በአራትና በአምስት ቀን ሳይሆን በዚህ ደረጃ ቀን እንደሆነ አስተምራናለች፤ መሀል ላይ ስለሆነ ሰው ይደፍራል። ላይ ደርሰን ለካን። 36 ዲግሪ። ሰማዩ ጥርት ያለ፣ በረዶው ያልተነካ። በመካከላችን ትንሹ ልጅ ተናገረ፦ «እኔ አልወርድም»። ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ከፊት የነበረው ያ የድሮው መሪያችን ትከሻውን ያዘውና «እሺ ወንድሜ» አለው። በመጣንበት ለጥ ባለው መንገድ ተመለስን። ቁልቁለቱ ያን ቀን ይናድ ነበር ወይስ አይናድም፣ አላውቅም። መቼም አላውቅም። መኪና ውስጥ ገብተን ግን አራታችንም እየሳቅን ነበር። ማታ እቤቴ ሽሮ ሠርተን በላን።

ለመመዝገብ ለምታስቡ፦ ዋጋው ጥቂት መቶ ዶላር ነው። ብዙ እንደሆነ አውቃለሁ። ከሁለት ቀን ሪዞርት ትኬትና ምግብ ጋር አስተያዩት። ከኅዳር በፊት ተመዝገቡ፤ ቶሎ ይሞላል። ቢከን ከሌላችሁ ይከራያል። የምትከራዩትን ግን ቤት ሳላችሁ ክፈቱት፣ ባትሪውን እዩት። እኔ ከተከራየኋቸው አንዱ ባትሪው ሊያልቅ የተቃረበ ነበር፤ ያየሁት መንገድ ላይ ነው። ስልካችሁን ከቢከኑ አርቁት፤ በፍለጋ ጊዜ ቢያንስ 50 ሴንቲ ሜትር። ኮርሱን አሁን መውሰድ የማትችሉ ደግሞ የማዕከሉን ትንበያ በየቀኑ አንብቡ። ነጻ ነው።

ወላጆች፣ ልጆቻችሁ «ስኪ እየሄድን ነው» ሲሏችሁ ሪዞርት ነው ወይስ ውጪ ብላችሁ ጠይቁ። ውጪ ነው ካሉ አብሯቸው የሚሄደውን ሰው ስም፣ የሚሄዱበትን ቦታና የሚመለሱበትን ሰዓት ጻፉ።

የአስተማሪዋን አድራሻ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ጠይቄያት ፈቅዳልኛለች። አማርኛ ተናጋሪዎች ስድስት ከሞላን ለብቻችን አንድ ኮርስ እንደምታዘጋጅልንም ነግራኛለች። እስካሁን አራት ነን። እህቴ፣ ይህን በትርጉም እንደምታነቢው ነግረሽኛል። እግዚአብሔር ይስጥልን። ትንሹ ልጅ በመጪው ክረምት ሁለተኛውን ደረጃ ሊወስድ ገንዘብ እያጠራቀመ ነው።