የጦርነት ዘመን ቆብ ለመግዛት ካሰባችሁ፦ የጣሊያኑ ወይስ የአሜሪካኑ?

የምኖረው ሱሉልታ ነው። እዚህ አሮጌ ዕቃ ከቤት ሲወጣ ቀድሞ የሚደርሰው ቆራሌው ነው። የብረት ቆብ ለእሱ ኪሎ ነው። ለእኔ ግን እንቅልፍ የሚነሳ ነገር ነው። «ልሰብስብ ብዬ አስቤያለሁ፣ ከየትኛው ልጀምር?» የሚለኝ ሰው ስለበዛ፣ በእጄ የገቡትን ላወዳድር።

ሻጭ ሁሉ ከቆቡ ጋር ወሬም ይሸጣል። የጣሊያን ከሆነ «የማይጨው ነው»፤ የአሜሪካ ከሆነ «ኮሪያ የዘመተ ነው»። ክፍያው ለቆቡ ይሁን፣ ለወሬው አትጨምሩ።

ከጣሊያኑ እንነሳ። ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ሞዴል 33 የሚባለው የብረት ቆብ ነው፤ መልኩ ግራጫና አረንጓዴ የተቀላቀለበት። መለያው ሦስት ቀዳዳ ነው፦ በግራና በቀኝ አንዳንድ፣ ከኋላ አንድ። ቀዳዳዎቹ አየር ማስገቢያ ናቸው፤ የውስጡን ቆዳም የሚይዙት እነሱው ናቸው። ሌላው በካኪ ጨርቅ የተለበጠ የቡሽ ባርኔጣ ነው።

«የማይጨው ነው» ለሚል ሻጭ ይህን ንገሩት። ሞዴል 33 ሥራ ላይ የዋለው ወረራው ሊጀመር ጥቂት ሲቀረው ነው። በ1928 ዓ.ም. ጦርነት ፎቶዎች ላይ በብዛት የምናየው ቡሹን ነው። ደግሞም የጣሊያን ጦር ብረቱን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላም ለአሥርተ ዓመታት ሲጠቀምበት ኖሯል። ስለዚህ ቀለሙ ያልተነካ፣ ቆዳው ለስላሳ የሆነ ካጋጠማችሁ ሮም እንጂ ማይጨው አልነበረም ብላችሁ ጠርጥሩ።

ከሁለቱ ብረቱን ግዙ። ቡሹ ያምራል፣ ታሪኩም ለእኛ ይቀርባል። ግን የሱሉልታን ክረምት አይችልም። እርጥበት ሲገባው ጨርቁ ይሻግታል፣ ሙጫው ይለቃል፤ የተረፈውን አይጥ ትጨርሰዋለች። የኔን በሁለት ክረምት ነው የጨረሰችው። ደረቅ ቤትና መስታወት ያለው ቁም ሣጥን ከሌላችሁ ይቅርባችሁ።

አሁን ወደ አሜሪካኑ ኤም 1። መመርመር ለሚወድ ሰው ከዚህ የሚሻል የለም። ሁለት ቆብ ነው፦ ውጪው ብረት፣ ውስጡ ከብረቱ ተለይቶ የሚወጣ ቀላል ቆብ። ሥራ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1941 ሲሆን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ብቻ ከ20 ሚሊዮን በላይ ተሠርቷል። በጠርዙ ዙሪያ የሚዞረውን ቀጭን ብረት እዩት። መገጣጠሚያው ከፊት ከሆነ ከእ.ኤ.አ. 1944 መጨረሻ በፊት የተሠራ ነው፤ ከኋላ ከሆነ ከዚያ ወዲህ። ከውስጥ በግንባር በኩል ደግሞ ብረቱ ላይ የተመታ ቁጥር ፈልጉ።

ዋናው ፈተና ግን ማግኔት ነው። የኤም 1 ብረት ማንጋኒዝ የበዛበት ስለሆነ ማግኔት አይስበውም፤ ቢስበውም እጅግ በደከመ ኃይል ነው። አውሮፓ ውስጥ በእሱ አምሳል የተሠሩት ግን ጥርቅም አድርገው ይይዛሉ። እኔ ይህን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። አንድ ነጋዴ «የቃኘው ሻለቃ ነው»፣ ማለትም ኮሪያ የዘመተው ጦራችን፣ ብሎ ሸጠልኝ። ቤት ገብቼ ከተበላሸ ሬዲዮ ያወጣሁትን ማግኔት ባስጠጋው፣ ጭብጨባ የመሰለ ድምፅ አሰማኝ። እስካሁን ማግኔቱ እዚያው ላይ ነው፤ ላነሳው አልፈልግም።

እውነተኛ ኤም 1 ቢሆንም እንኳ ኮሪያ መዝመቱን አያረጋግጥም። ቃኘው በ1943 ዓ.ም. ሄዶ ከአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋር ተሰለፈ። ከ1945 ዓ.ም. ስምምነት በኋላ ደግሞ የአሜሪካ ወታደራዊ ዕርዳታ ለዓመታት ወደ አገራችን ገብቷል። የዘማቹ ቤተሰብ ራሱ ካልሰጣችሁ፣ ከፎቶና ከወረቀት ጋር ካልሆነ፣ «ኮሪያ» የሚለውን ቃል ከዋጋው ላይ አስቀንሱት።

በደርግ ጊዜ መሣሪያው የመጣው ከሶቪየት ነበር፤ የሶቪየት ቆብም ገበያ ላይ ታገኛላችሁ። ወደ ጠርዙ ዝቅ ብለው የተደረደሩ ስድስት ብሎኖች የሚመስሉ ምስማሮች አሉት። ለጀማሪ ኪስ ይስማማል፣ ለእኔ ግን ልብ አያሞቅም።

ጎፈርስ? የአንበሳ ጎፈር ከሁሉም ይበልጣል፤ ግን አትግዙ። አንበሳ ጥበቃ ያለው አውሬ ነው፣ ፈቃድ የሌለው ንግድ ጣጣ ያመጣል። የአያት ከሆነ ይቀመጥ፤ ለየካቲት 23 እና ለሚያዝያ 27 ይውጣ። አሮጌ ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማስወጣትም በአዋጅ 209/1992 ክልክል ነው። ውጭ ለሚኖር ዘመድ ልላክ የምትሉ ልብ በሉ።

ስትገዙ ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት አትፈግፍጉ፣ ቀለምም አትቀቡ። ዘይት በነካው ጨርቅ ማበስ ይበቃል። የተገኘበትን ቦታና የሰጣችሁን ሰው ስም ጻፉ።

ለመጀመሪያ ግዢ የኔ ምርጫ ሞዴል 33 ነው፤ የተቦጫጨቀው፣ ከገጠር ግቢ የወጣው። በሐምሌ 1928 ዓ.ም. አርበኞች አዲስ አበባን ሲያጠቁ የደጃዝማች አበራ ካሣ ጦር የመጣው ከሰላሌ፣ በእኛ በኩል ነው። ስለዚህ እዚህ አካባቢ አንድ ቆብ ቢገኝ አይገርምም። ጎረቤቴ እማማ ግቢ ውስጥ አንድ አለ፤ ሦስቱም ቀዳዳ በጭቃ ተደፍኖ ዶሮዎቹ ውሃ ይጠጡበታል። በአዲስ ሳፋ ለውጡኝ ብዬ ሁለት ጊዜ ጠየቅኋቸው። «ዶሮዎቹ ለምደውታል፣ ልጄ» አሉኝ።